የዮሃና ተራ

ፏፏቴው አጠገብ ማንሾካሾክ አይቻልም። ውሃው ከገደሉ አፋፍ ተወርውሮ ከታች ካለው ጥቁር ዐለት ጋር ሲላተም የሚያወጣው ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ስለሚውጠው፣ ሰው ከጎኑ ለቆመ ወዳጁ እንኳ ጮኾ ካልተናገረ አይሰማም። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ይጮኹ ነበር። ሰይፈዲን ፎቶ አንሡኝ እያለ ይጮኻል፤ መምህር ወልደጻድቅ ወደ ዳር እንዳይጠጉ ይጮኻሉ፤ የሚጮኽበት ጉዳይ የሌለውም ቢሆን ከሌሎቹ ማነስ የቆጨው ይመስል ይጮኻል። ዲቦራም እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ እንደ ዱቄት የደቀቀውን የውሃ ብናኝ በሽፋሽፍቷ ላይ እየተቀበለች ትጮኽ ነበር። የምትጮኸው ቃል አልነበረም፤ ደስታዋን ብቻ ነበር።

ዐይኗን ስትገልጥ ዮሃናን አየቻት።

በመጀመሪያ ያየችው ቢጫውን ሹራብ ነው። ከውሃው ማዶ፣ ሰዎች ፎቶ በሚነሡበት ሰፊ ዐለት ላይ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ዲቦራ እንዲህ ያለ ሹራብ የለበሰ ሰው በቴፒ ብዙ ይኖር ይሆናል ብላ ራሷን ለማሳመን ሞከረች። ይሁን እንጂ ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ለጠፍ አደረገች፤ እንዲህ አድርጎ የሚስቅ ሰው ደግሞ ዲቦራ ከአንድ በቀር አታውቅም።

ይህ ሊሆን የማይገባው ነገር ነበር። ዮሃና በዚህ ሰዓት መገኘት የነበረባት ከተራራው በታች፣ ከቴፒ ዳር ባለው ሰፈራቸው፣ በነዲቦራ ግቢ ውስጥ፣ ከቡናው ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ነው።

ፏፏቴውን ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከቴፒ ወደ ጌጫ ሽቅብ ከሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ በኮረሪማ ቅጠል መካከል የተቆረጠውን ደረጃ ጥቂት ወረድ ማለት ብቻ ነው። አዛውንት በከዘራ፣ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ሆኖ ይደርስበታል። ከገደሉ ጫፍ እስከ ዐለቱ ነጭ ሆኖ የተዘረጋ ስለሚመስል ሾፌሮች «መጋረጃው» ይሉታል። ከሩቅ አገር ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ ያየዋል፤ ዲቦራ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በቅርቡ ኖራ አንድም ቀን አላየችውም ነበር። ሰው ደጁ ላይ ያለውን ነገር የማያይበት ምክንያት አያጣም። የዲቦራ ምክንያት ቡና ነበር። ቡና በሚደርስበት ወራት እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ አዘቦቱ ለትምህርት፣ ቅዳሜ ደግሞ ለቡና ነው።

ዘንድሮ የትምህርት ቤታቸው የተፈጥሮ ክበብ ጉብኝት ሲያዘጋጅ፣ ሚኒባሱ ክፍሉን ሁሉ ስለማይችል፣ ግማሹ ባለፈው ቅዳሜ፣ ግማሹ በዚህኛው እንዲሄድ ዕጣ ተጣለ። ለዮሃና የመጀመሪያው ዙር፣ ለዲቦራ ሁለተኛው ደረሰ። ሌሎች ጓደኛሞች በመለያየታቸው ሲያኮርፉ፣ እነሱ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተመታተው ሳቁ። በተለያየ ቅዳሜ ከሆነ ዳዶ ይሠራሉ ማለት ነዋ።

ዳዶ በአካባቢያቸው ሰዎች ጉልበት የሚበዳደሩበት ልማድ ነው። ዛሬ እኔ ካንቺ ማሳ እውላለሁ፣ ነገ አንቺ ከኔ ትውያለሽ። በዳዶ ውስጥ አሠሪ የለም፤ ሠራተኛም የለም፤ ምሳውም ከአንድ ትሪ ነው። የዲቦራ እናት በየነችና የዮሃና እናት ወይዘሮ ውድነሽ ለዓመታት እንዲህ ተራ ሲለዋወጡ ነው እንደ እኅትማማች የሆኑት። ልጆቹም የቡና መልቀሚያው ቅርጫት ከቁመታቸው ሲበልጥ ጀምረው የእናቶቻቸውን ፈለግ ይዘዋል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ዮሃና ፏፏቴ ስትሄድ፣ ዲቦራ ከእነዮሃና ግቢ ዋለች። አልጋው ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ስታገላብጥ፣ የተበላሸውን ስትለቅም፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጨልም ሸራውን እየጎተተች ስታለብስ ዋለች። ማታም ዮሃና መጥታ ስለፏፏቴው ስታወራላት አመሸች።

የዛሬው የዮሃና ተራ ነበር።

እናቷ በየነች መጀመሪያ ላይ አመንትታ ነበር። ሚዛን የሚኖር ዘመድ ዐርፎ ለቅሶ መድረስ አለባት፤ አባቷ አቶ አለሙ ለሥራ ማሻ ሰንብተዋል፤ አልጋው ላይ ያለው ቡና ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠው ነው። ፍሬ በፍሬ፣ ቀዩን ብቻ እየለዩ የለቀሙት፣ አሁን ደርቆ ጀንፈል ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ በእጅ ሲዝቁት እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ቡና። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ቡና ዳግመኛ ውሃ ከነካው፣ ከውጪ ቢደርቅ እንኳ ውስጡ ይሻግታል፤ እናቷ ይህን ስትናገር ስለ ሕፃን ሕመም የምትናገር ትመስላለች። ዮሃና ግን ዐርብ ማታ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ የዲቦራን እናት ልብ አሸነፈች።

«እኔ አለሁ አይደል፣ እትዬ በየነች?» አለች። «ዝናብ ቢመጣ አዝዬው እቤት እገባለሁ።»

እናቷ ሳቀች። ዮሃና ካለችማ ትሂድ አለች።

ዲቦራም ጠዋት ሚኒባሱ ላይ ስትወጣ ልቧ ቀላል ነበር። ዝናብ ቢመጣ ብላ ለራሷ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ይዛ ስለነበር ሰይፈዲን እኛን ልታሰጪን ነው እንዴ እያለ መንገዱን ሙሉ ቀለደባት፤ እሷም ለመሰጣት መጀመሪያ መብሰል ያስፈልጋል ብላ አፉን አስያዘችው። ሁሉም ሲስቅ እሷም ከት ብላ ሳቀች። ስለ ቡናው አንድም ጊዜ አላሰበችም። ሰው ያለው ሰው አያስብም።

አሁን ግን ቢጫው ሹራብ ዐለቱ ላይ ቆሟል።

ዲቦራ በሚያዳልጡት ድንጋዮች ላይ እየረገጠች ወደ ማዶ ተሻገረች። ምን እንደምትል አላወቀችም። ምናልባት የራሷ እናት ከለቅሶው ቀርታ ይሆናል፤ ምናልባት ወይዘሮ ውድነሽ ተክተዋት ይሆናል፤ ምክንያት አይጠፋም። ከዮሃና ጎን ስልክ የያዘች፣ ነጭ ጫማ ያደረገች፣ ከእነሱ ትንሽ ከፍ የምትል ልጅ ቆማለች። ዲቦራ አይታት ባታውቅም ገመተች፤ ከሚዛን የምትመጣው የዮሃና አጎት ልጅ ራሔል መሆን አለባት። ዮሃና ስለ ራሔል አለባበስ፣ ስለ ራሔል ጸጉር፣ ራሔል ስለምትቀያይራቸው ጫማዎች ስታወራ ስንት ቀን አምሽታለች።

ራሔል ወደ እነሱ የምትመጣውን ልጅ ቀድማ አየቻት። ወደ ዮሃና ጎንበስ ብላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ጮኻ ጠየቀች።

«ይቺ ልጅ ወደ አንቺ ነው የምትመጣው። ማናት?»

ዮሃና ዞረች። ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። ዮሃና ፊቷን ወደ ራሔል መልሳ ተናገረች። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ በጆሮዋ ሹክ ትላት ነበር። እዚህ ግን አይቻልም።

«እኛ ቤት ቡና የምታገላብጥ ልጅ ናት።»

ቃሉ ውሃውን አቋርጦ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል፣ ዲቦራ ጋ ደረሰ።

ራሔል ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችላት። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ፈገግታዋ ሰው ቤት ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ ደግ ፈገግታ ነበር። ዲቦራን ከቃሉ ይልቅ ይህ ደግነት አቃጠላት። ባለፈው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የዋለችበት ፀሐይ፣ ሸራውን ስትጎትት የተላጠ መዳፏ፣ ማታ ከወይዘሮ ውድነሽ ጋር ከአንድ ትሪ የቆረሰችው ራት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስም ተቀየረላቸው። ጓደኛ ሆና የሠራችው ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሠራተኛ ሥራ ሆነ።

ከዐለቱ ጥግ ቆማ የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡናውስ?

ዮሃና ክንዷን ይዛ ትንሽ ራቅ አደረገቻት። ከሳቋ የተረፈው ገና ፊቷ ላይ ነበር።

«ሸፍኜው ነው የመጣሁት። አታካብጂ፣ በናትሽ።»

ከዚያም በችኮላ፣ ከጆሮዋ ሥር እየጮኸች አስረዳቻት። ጋሼ ሳይታሰብ ልጁን ራሔልን በፒክአፑ ይዞ ከሚዛን ከች አለ፤ እማዬ ገበያ ነበረች፤ ራሔል ፏፏቴውን አሳዪን አለች፤ ታዲያ የጎረቤት ቡና እጠብቃለሁ ልበላት? ፋራ ነው የምትለኝ። ደግሞ ተሸፍኗል፤ ዝናብ ቢመጣ ምን ያደርገዋል?

ዲቦራ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከገደሉ በላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ፀሐይ እየመታው በሸራ የተሸፈነ ቡና በራሱ ላብ እንደሚታፈን፣ ሞቆ ሞቆ እንደሚሸት በዚያ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። ዮሃናም ታውቃለች። ከዚያ ደግሞ ዲቦራ ወደ ታች፣ ወደ ቴፒ አቅጣጫ ተመለከተች። በዛፎቹ አናት መካከል የሚታየው ቆላው ሰማይ ጠርዙ ጠቁሯል። ቡናው ከተሸፈነ እየታፈነ ነው፤ ካልተሸፈነ ደግሞ ዝናቡ ሊደርስበት ነው። ሌላ ሦስተኛ ነገር ልታስብ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ወደ መምህር ወልደጻድቅ ሄዳ ቤት መመለስ እንዳለባት ነገረቻቸው። መምህሩ ልጅ ብቻዋን መንገድ ላይ አልለቅም አሉ፤ ሚኒባሱም ጎማ ሊያስጠግን ጌጫ ወጥቷል። አንድ መኪና ብቻ ነው የቀረው። እሱ የዮሃና አጎት ፒክአፕ ነው። ዲቦራ መሬት መሬት እያየች የጎረቤት ዘመድ መኪና እንዳለ ተናገረች፤ መምህሩም ሰውየውን ራሴ ካላነጋገርኩ ብለው አብረዋት ደረጃውን ወጡ።

የዮሃና አጎት ጋሽ ብርሃነመስቀል ከመኪናቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሙዝ ይልጡ ነበር። ፏፏቴውን ከላይ ሆነው ማየት እንደሚበቃቸው፣ ደረጃው ለመውረድ እንጂ ለመውጣት እንዳልተሠራ ለመምህሩ እየቀለዱ ነገሯቸው። ዲቦራ ቡና አስጥታ እንደመጣች ስትናገር ግን ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። ሙዙን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«ጀንፈል ነው እሸት?»

«ጀንፈል ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።»

ሰውየው ወደ ቆላው ሰማይ ተመለከቱና ተነሡ። እሳቸውም የቡና ልጅ ናቸው።

«ታዲያ ቤት ማን አለ?»

ዮሃና በዚህ ጊዜ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ከኋላቸው ደርሳለች። እያለከለከች ቆመች። ዲቦራ ዘወር ብላ አየቻት። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ እንደነበር ዲቦራ አውቃለች። ዮሃናም አውቃለች።

«ሰው ነበረኝ» አለች ዲቦራ።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ሌላ አልጠየቁም፤ ራሔልን ተጣሩና ቁልፋቸውን አወጡ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ራሔል ከአባቷ ጎን፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀርቷል። ራሔል ፎቶዎቿን እያየች ውሃው ያላማረበትን እየሰረዘች ነበር። ዮሃና ቀስ ብላ ወደ ዲቦራ ተጠጋች።

«እውነቴን ነው፤ ሸፍኜዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «እናቴ ትሙት።»

በመኪናው ውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል። ዲቦራ ሰምታለች። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ አንድ እንግዳ ነገር ስትመኝ ራሷን ያዘች። ቡናው በሸራው ሥር ታፍኖ፣ ሞቆ፣ ሸትቶ እንዲቆያት ተመኘች። ቡናው ቢበላሽም ግድ የለም፤ ታፍኖ ከተገኘ ዮሃና ቢያንስ ሄዳለች ማለት ነው። የግቢውን በር ከፍታለች፤ ሸራውን ዘርግታለች፤ የመጣችው ዘንግታት ሳይሆን ቸኩላ ነው ማለት ነው። ለመታፈን ይቅርታ ሊገኝለት ይችላል።

ከቴፒ መግቢያ ላይ ዝናቡ የመኪናውን መስታወት ደበደበው። ከላይ የጀመረ ሳይሆን እነሱ የደረሱበት ዝናብ ነበር፤ መንገዱ አስቀድሞ ጎርፏል፤ ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች ከረጅም ጊዜ በፊት በረንዳ ሥር ገብተው ከአንድ ሻሽ ሥር ተቃቅፈው ቆመዋል።

መኪናው ሳይቆም ዲቦራ በሩን ከፈተች። የግቢው በር ጠዋት ራሷ ባሰረችበት ገመድ፣ ራሷ በቋጠረችው ቋጠሮ፣ እንደታሰረ ነው። ማንም አልፈታውም። ለመፍታት ጊዜ ስላልነበራት ገመዱን ከነቋጠሮው በጥሳ ገባች። ሸራው ከአልጋው ሥር፣ እንደተጠቀለለ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጠዋት ያስቀመጠችበትን ድንጋይ እንደተሸከመ ተቀምጧል። ቡናው ደግሞ ሰማይ ሥር ተኝቶ ይደበደባል። ዝናቡ እላዩ ላይ እያረፈ ሲፈናጠር ፍሬዎቹ የሚዘሉ ይመስላሉ። የአልጋው መካከል ረግቦ ውሃ ቋጥሯል።

ዲቦራ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ሸራውን ስትፈታ ጋሽ ብርሃነመስቀል ሌላውን ጫፍ ያዙ። ውሃው በሽቦ ወንፊቱ እንዲወርድ የአልጋውን ሆድ በመዳፋቸው ከሥር እየገፉ አራገፉት። ራሔልም በነጭ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ገብታ አንዱን ጥግ ወጠረች። ጥቂት ቆይታ ግቢውን፣ ቤቱን፣ ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን የዲቦራን የደንብ ልብስ አየችና ግራ ተጋብታ ጠየቀች።

«የናንተ ነው እንዴ ቡናው?»

«የኛ ነው።»

ራሔል ወደ ዮሃና ዞረች። ዮሃና የግቢው በር ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጪም ሳትል ቆማለች። ጋሽ ብርሃነመስቀል ሸራው ላይ ድንጋይ ደርድረው ከጨረሱ በኋላ ያን ቋጠሮ አዩት፤ የእኅታቸውን ልጅ አዩዋት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ራሔልን ይዘው ሄዱ። ዮሃናም ከኋላቸው ሮጠች።

ዝናቡ ሲያባራ ዲቦራ ሸራውን ገልጣ አንድ ፍሬ አነሣች። በጥፍሯ ስትጫነው ጠዋት እንደ ጠጠር የነበረው ቅርፊት ተሸነፈ። በእርጥበቱ አብጧል። ቅርጫት አመጣችና ከዳር፣ ዝናቡ ብዙ ካልደረሰበት ጥግ ጀምራ፣ የለሰለሰውን ካልለሰለሰው መለየት ጀመረች። ቡናው ብዙ ነው፤ እጇ ደግሞ ሁለት ብቻ።

ዮሃና ተመልሳ መጣች። ልብስ አልቀየረችም። ከአልጋው ማዶ ቆማ፣ ዐይኗን ከዲቦራ ጣቶች ሳታነሣ፣ ያሰበችውን ተናገረች። ነፋስ ገልጦት ነው በይ። እኔ እዚህ ነበርኩ፤ ስሮጥ መጣሁ፤ ግን ነፋሱ ቀደመኝ። ወዲያውኑ መልሰን ሸፈንነው። አለቀ።

«ጋሼም ራሔልም አይናገሩም፤ ለምኛቸዋለሁ። ከነሱ ሌላ ለእናትሽ ማን ይነግራታል?»

ዲቦራ ፍሬ ትለቅማለች።

«ዳዶውን እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ዲቢዬ።»

«ለሠራተኛ ዳዶ አይመለስም» አለች ዲቦራ።

ዮሃና በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች። እንባዋ መጣ። እንዲሁ አፌ ላይ መጣብኝ፣ ራሔል ፊት ሙድ እንዳይያዝብኝ ብዬ ነው፣ ጩኸቱ ባይኖር ኖሮ አትሰሚኝም ነበር እያለች ተንተባተበች።

«ጩኸቱ ባይኖር ቀስ ብለሽ ትይው ነበር» አለች ዲቦራ። «ማለቱን ግን ትይው ነበር።»

ወደ ለቀማዋም ተመለሰች።

ዲቦራ ግን ስለ ነፋሱ ማሰቧን አልተወችም። ውሸቱ በደንብ የተሰፋ ነበር፤ ለሁሉም ልክ ይሆናል። እናቷ በነፋስ አትቆጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ከታችኛው ማሳ ለሚለቀመው ቡና ወይዘሮ ውድነሽ እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ ሁለቱ እናቶች እየተሳሳቁ ይለቅማሉ። ዮሃናም ከእርሷ ጋር ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዲቦራ ይህን ሁሉ በሐሳቧ አየችው፤ አሳሳት። ከዚያ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ያሉትን ጆንያዎች አሰበች። ከዚህ በፊት የደረቀው ጀንፈል እዚያ ነው። ወዲያው ተሸፈነ ከተባለ፣ እናቷ ይህንን ሁለት ቀን ፀሐይ አስመትታ ከዚያኛው ጋር ትቀላቅለዋለች። እርጥበቱ ከፍሬ ወደ ፍሬ ሲሻገር ማንም አያየውም፤ ሻጋታው የሚታየው ጆንያው ሲፈታ ነው። ለዚያ ጊዜ ደግሞ የሚድን ነገር አይኖርም። እናቷ ምን ያህል ውሃ እንደነካው፣ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደነበረ ካላወቀች የዓመቱ ቡና ሁሉ ያልቃል።

እናቷ ስትመለስ ጀምበሯ ልትጠልቅ ነበር። ነጠላዋን ለለቅሶ እንዳጣፋችው ነው፤ ፊቷ በመንገዱና በሐዘኑ ዝሏል። ከሩቅ ሁለቱን ልጆች አልጋው አጠገብ ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ስትጠጋ ግን እርምጃዋ ዘገየ። እጇን ቡናው ውስጥ ከተተች፤ አንድ እፍኝ አንሥታ አሸተተች። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አልነበረም።

«መቼ ነው የነካው?» አለች።

ዮሃና በፍጥነት ትንፋሽ ሳበች።

«እትዬ በየነች፣ ነፋሱ…»

«ዝናቡ ሲጀምር ክፍት ነበር፣ እማዬ» አለች ዲቦራ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ የተረጋጋ ነበር። «እኔ ስደርስ መሐሉ ውሃ ቋጥሯል። ከጓዳው ጋር እንዳትቀላቅይው።»

እናቷ እፍኙን ቀስ ብላ መለሰችው። ዲቦራን አየች፤ ከዚያ ማዶ የቆመችውን አየች።

«ዮሃናስ?»

ዮሃና በእርጥብ ሹራቧ እጅጌ አፏን ሸፍና፣ በዐይኗ ብቻ፣ ዲቦራን ለመነች። እነዚያን ዐይኖች ዲቦራ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ስንት ጊዜ እምቢ ልትላቸው ፈልጋ አቅቷታል።

«አልነበረችም» አለች። «ፏፏቴው ጋ ነው ያገኘኋት።»

በየነች አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ከቁጣ ይከብድ ነበር። የለቅሶ ነጠላዋን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለች፤ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ክርኗ ሰበሰበች። የለሰለሰው ወዲህ፣ ያልነካው ወዲያ ብላ ቦታ ለየችና ከልጇ ጎን ቆማ መልቀም ጀመረች።

ዮሃና ትሄዳለች ብላ ዲቦራ ጠብቃ ነበር። አልሄደችም። ብዙ ቆይታ፣ ከአልጋው ሌላ ጫፍ፣ አፍንጫዋን እየሳበች፣ ጣቶቿን ወደ ቡናው ሰደደች። መጀመሪያ አንድ ፍሬ፤ ከዚያ ሌላ። በትክክል ነበር የምትለየው፤ እጇ ሥራውን ያውቀዋል። የምታጠራቅምበት ነገር ስላልነበራት ግን የለቀመችውን በመዳፏ ይዛ፣ ቅርጫት የሚያቀብላት ሰው የምትጠብቅ ይመስል፣ ቀና አለች።

ዲቦራ ቅርጫቱን አላቀረበችላትም። ሂጂም አላለቻትም።